ኮሎራዶ ኤልክ አደን በራሳችን እንሂድ ለምትሉ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ያቺን ፎቶ ከለጠፍኩ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ሦስታችንም ጭቃ በጭቃ ሆነን ቀንዱን ይዘን፣ ከኋላችን በረዶ የጣለበት ተራራ፣ ያየ ሁሉ «እኔንም ይዘኸኝ ሂድ» ይላል፣ ፀጉር ቤት፣ ክርስትና ቤት፣ ወላ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ደስ ይላል፣ ግን ሁለት ደቂቃ እንዳወራን የሚነገረኝ ነገር ሁሉ የተጣመመ ሆኖ አገኘዋለሁ። ማንንም ለማሳጣት አይደለም፣ ግማሹን እኔም ሳልሄድ በፊት አምኜው ነበር። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ሦስት ሆነን ያለ ጋይድ ያለ ምንም ሁለት ጊዜ ኮሎራዶ ነድተን ሄደናል፣ የመጀመሪያው ዓመት ባዶ እጃችንን ተመለስን፣ ሁለተኛው ላይ ከሦስታችን አንዱ ጣለ፣ እኔ አይደለሁም።

ለማያውቅ ሰው፣ ኤልክ የዋላ ዘር ነው፣ ግን እዚህ ቨርጂኒያ ጓሯችን ገብቶ አበባ የሚበላውን ዲር እንዳታስቡ። ትልቁ ወንድ 300 ኪሎ እና ከዛም በላይ ይመዝናል፣ ሴቷ 220 ኪሎ አካባቢ። ይሄን ክብደት ያዙልኝ፣ በኋላ እንመጣበታለን።

«ላይሰንሱን እዛው ደርሰን እንገዛዋለን»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ይሄኛው ሰው የሚያሳስተው። ኮሎራዶ ከየትኛውም ስቴት በላይ ኤልክ አለው፣ ሩብ ሚሊዮን ያለፈ፣ ስለዚ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው የራይፍል ሲዝን፣ ማለት ኦክቶበር መጨረሻና ኖቬምበር ላይ፣ የወንድ ኤልክ ላይሰንስ በብዙ ዩኒቶች (ስቴቱ የአደን መሬቱን የከፋፈለባቸው ክልሎች ናቸው) ያለ ዕጣ ሲሸጥ ነው የኖረው፣ እኛም እንደዛ ነው የገዛነው። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ሽያጩ ይከፈታል፣ ኦንላይን ትከፍላላችሁ፣ በቃ። ሌላው ሁሉ ግን እንደዛ አይደለም። የቀስት ላይሰንስ ድሮ ከስቴት ውጪ ለሚመጣ ሰውም ያለ ዕጣ ይሸጥ ነበር፣ ከ2025 ጀምሮ ከአይ 25 ሀይዌይ በስተምዕራብ ላለው ክፍል ቀርቷል፣ ኤልኩ ያለው ደግሞ እዛ ነው። የመጀመሪያው የራይፍል ሲዝን በዕጣ ነው፣ የሴት ኤልክም አብዛኛው በዕጣ ነው፣ የዕጣው ማመልከቻ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ዋዮሚንግ ጭራሽ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ነው የሚዘጋው፣ ሞንታና ኤፕሪል 1። የኛ ሰው ግን አደን ትዝ የሚለው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው፣ ያኔ ደውሎ «የዘንድሮውን እንዴት እናድርግ» ይለኛል። የዘንድሮው ዕጣ ያለቀው ፋሲካ ሳይገባ ነው ወንድሜ። ደንቡም በየዓመቱ ይቀያየራል፣ ስለዚ አምና እኔ ያደረግኩትን አትያዙ፣ አደኑን የሚያስተዳድረውን የስቴቱን መሥሪያ ቤት፣ የኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍን የዘንድሮ መጽሔት ራሳችሁ አውርዳችሁ አንብቡ።

ላይሰንስ ለመግዛት ራሱ የሃንተር ኤዱኬሽን፣ ማለት የአዳኞች ኮርስ፣ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1949 እና ከዛ ወዲህ የተወለደ ሁሉ ኮርሱን መውሰድ አለበት። ከኛ ጋር ያሉት ጋሼ 61 ዓመታቸው ነው፣ «በዚህ ዕድሜዬ ፈተና» ብለው ሁለት ሳምንት ተቆጡ፣ ከሁላችንም በላይ ያመጡት ግን እሳቸው ናቸው። ቨርጂኒያ የወሰድነውን ኮሎራዶ ተቀብሎናል፣ እዛ ሄዶ መማር አያስፈልግም።

ሌላው ሰው የማያውቀው፣ የወንድ ላይሰንስ ያዝኩ ማለት ቀንድ ያለው ሁሉ የኔ ነው ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ዕጣ የሚሸጥባቸው አብዛኞቹ ዩኒቶች ላይ በአንዱ ቀንድ ቢያንስ አራት ቅርንጫፍ፣ ወይም ከግንባሩ ዝቅ ብሎ የሚወጣው የመጀመሪያው ቅርንጫፍ 5 ኢንች መሙላት አለበት። የመጀመሪያው ዓመት በአራተኛው ቀን ጠዋት እኔ ፊት አንድ ጎረምሳ ኤልክ ወጥቶ ቆመ፣ 120 ሜትር አይሞላም፣ ቀንዱ ሁለት ቀጥ ያለ ዱላ ነው፣ ቅርንጫፍ የሚባል የለውም። ባይኖኩላሩን ይዤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ቆጠርኩት፣ ደግሜ ቆጠርኩት፣ አልበዛም። ሳሩን በልቶ ሄደ።

«ዜጋ ካልሆንክ መሳሪያ ይዘህ ከተያዝክ ዲፖርት ነው»

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌደራል ሕግ መሳሪያ መግዛትም፣ መያዝም፣ ማደንም ይችላል። ኤልኩን የጣለው ጓደኛዬ አደን የጀመረው በግሪን ካርዱ ነው። ጊዜያዊ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ግን ሌላ ነው፣ በመሰረቱ የተከለከለ ሆኖ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ ላለው የተለየ አንቀጽ አለው፣ እሱንና ገና ያላለቀ የአሳይለም ኬዝ ያላችሁ ሰዎች ጉዳያችሁን ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ጨርሱት እንጂ ከኔም ከፀጉር ቤትም አትስሙ።

መንገዱን ግን ሁላችሁም አስቡበት። ከዚህ እስከ ኮሎራዶ ስምንት ምናምን ስቴት ነው የምታቋርጡት፣ የየስቴቱ የመሳሪያ ሕግ ደግሞ ሰማይና ምድር ነው። አቋርጦ ለሚያልፍ ሰው ከለላ የሚሰጥ የፌደራል ሕግ አለ፣ የሚሠራው ግን ጠመንጃው ጥይት ከሌለበት፣ ተቆልፎ ከተቀመጠ፣ እሱም ጥይቱም ከተቀመጣችሁበት ሆናችሁ የማትደርሱበት ቦታ ከሆነ ነው። ከኋላ ወንበር በጋቢ ጠቅልሎ መሄድ አይሠራም። በአውሮፕላን የሚሄድም አለ፣ ጠንካራ ቁልፍ ያለው ሳጥን፣ ባዶ መሳሪያ፣ ቆጣሪው ጋር «መሳሪያ አለኝ» ብሎ ማስመዝገብ፣ ከባድ ነገር የለውም። የድብ ስፕሬይ ግን አውሮፕላን ላይ በየትም በኩል አይገባም፣ እዛው ግዙት።

«የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል»

ጋሼ ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ ናቸው፣ 2,800 ሜትር። አይ 70 ላይ የአይዘንሃወር ተነልን ስናልፍ፣ 11,158 ጫማ የሚል ነው፣ ወደ 3,400 ሜትር መሆኑ ነው፣ «ይሄማ ቤቴ ነው» ብለው መስኮት ከፈቱ። ማታ ካምፕ ደርሰን ድንኳን ሳንጨርስ ራሴን ራሴን አሉ፣ ከዛ ማስመለስ ጀመሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም።

የሀገራችን ደገኞች ከፍታን የመላመድ ነገር በዘር ያለ መሆኑ እውነት ነው፣ ተመራማሪዎች ብዙ የጻፉበት ጉዳይ ነው። ግን እኛ ሃያ ምናምን ዓመት የባህር ጠለል ላይ ነው የኖርነው፣ ሰውነት ደሙ ላይ ያደረገው ማስተካከያ ዝቅታ ላይ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፣ እግራችን ደግሞ የአለንጋ ያህል ቀጥኗል፣ ሥራችን መንዳት ወይ ኮምፒዩተር ፊት መቀመጥ ነው። ኤልኩ ያለው ከ2,500 እስከ 3,400 ሜትር ነው፣ እንጦጦን በየቀኑ ሁለት ጊዜ መውጣት በሉት፣ ያውም መንገድ በሌለበት፣ በወደቀ ግንድ ላይ እየዘለላችሁ።

ሁለተኛው ዓመት ያደረግነው እንዲህ ነው፣ አንድ ሌሊት ዴንቨር አደርን (እዛ 1,600 ሜትር ነው፣ አውሮራ ሄዳችሁ ደግሞ ጥሩ ቁርጥና እንጀራ ታገኛላችሁ፣ ለአሥር ቀን የምትሰናበቱት ነገር ነው)፣ ከዛ ሲዝኑ ሳይከፈት ሁለት ቀን ቀደም ብለን ካምፕ ገባን፣ ውሃ በላይ በላዩ። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ መውረድ ነው፣ ጀግንነት አያስፈልግም፣ ትንፋሽ ተቀምጦም ካስቸገረ ወይም ሰውየው መንገዳገድ ከጀመረ ደግሞ በሌሊትም ቢሆን ይወረዳል። ለእግር ደግሞ ከግንቦት ጀምሮ የ25 ፓውንድ ጤፍ ከረጢት ጀርባ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ የፓርኪንጉን ደረጃ ስወጣ ስወርድ ከረምኩ፣ ጎረቤት ሥራ የፈታሁ መስሎት ነበር።

«ጋቢ ካለኝ ብርድ አይነካኝም»

ጋቢ ነፍሴ ነው፣ ግን ጥጥ ነው። ጥጥ ከረጠበ ሙቀት አይዝም፣ ላብ ሲነካው ራሱ በረዶ ይሆናል፣ ጂንስ ሱሪና የጥጥ ካልሲም እንደዛው። እዛ ተራራ ኦክቶበር መጨረሻ ቀን ላይ በቲሸርት ትሄዳላችሁ፣ ሌሊት ከዜሮ በታች 10 ይወርዳል፣ በማግስቱ ጉልበት የሚደርስ በረዶ። አያቶቻችን መንዝ በርኖስና ባና የሠሩት ከበግ ፀጉር ነው፣ ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል፣ ያውቁታል። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ንፋስና ውሃ የማያስገባ፣ ጋቢው ደግሞ ድንኳን ውስጥ ለመኝታ። በነገራችን ላይ ራይፍል ሲዝን ላይ ከወገብ በላይ 500 ስኩዌር ኢንች የሚያበራ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስ፣ ከነኮፍያው፣ በሕግ ግዴታ ነው፣ «ካሙፍላጅ ገዛሁ» ብላችሁ ብቻ እንዳትመጡ። ኤልክ እንደኛ ብርቱካናማውን ለይቶ አያይም፣ ሌላው አዳኝ ግን ያየዋል።

«መሬቱ የሰው ነው፣ ከፍለህ ካልገባህ አይቻልም»

ይሄ የምሥራቁ ክፍል ሰው አስተሳሰብ ነው። ምዕራቡ ሌላ ዓለም ነው፣ ዋይት ሪቨር ናሽናል ፎረስት ብቻውን 2.3 ሚሊዮን ኤከር ነው፣ ሳን ኋን አለ፣ ቢኤልኤም የሚባለው የፌደራል መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው የመንግሥት መሬት አለ፣ ላይሰንሱ እስካላችሁ ድረስ ሳትከፍሉ ገብታችሁ ታድናላችሁ፣ ካምፕም ታደርጋላችሁ። ችግሩ ድንበሩ ነው፣ አጥር የሌለበት የግል መሬት መሃል መሃሉ ላይ ይገባል፣ «አላወቅኩም» አያድናችሁም። ኦንኤክስ የሚባል አፕ አለ፣ የማን መሬት እንደሆነ ከነቀለሙ ያሳያል፣ ኔትወርክ ስለማይኖር ካርታውን ቤታችሁ ሆናችሁ አውርዱት። እኛ ጁን ላይ ጀምረን ማታ ማታ ሳሎን ቁጭ ብለን በሳተላይት ምስል ሸለቆ ስንቆጥር ነው የከረምነው፣ ቡናው እየተፈላ፣ ደስ ከሚለው ክፍል አንዱ እሱ ነው።

ዋዮሚንግ ለምታስቡ አንድ ወጥመድ አለ፣ ከስቴት ውጪ የመጣ ሰው በፌደራል ዊልደርነስ ተብሎ በተከለለ ቦታ ትልቅ እንስሳ ለማደን ጋይድ ወይም የስቴቱ ነዋሪ አብሮት መኖር አለበት። ኮሎራዶ ይሄ የለም፣ እኛም አንዱ ምክንያታችን እሱ ነበር። ሌላው ምክንያት ግሪዝሊ ነው፣ ሰሜን ምዕራብ ዋዮሚንግና ሞንታና ላይ አለ፣ ኮሎራዶ ላይ ያለው ጥቁር ድብ ነው፣ ስጋ ከሩቅ ይሸተዋል፣ ግን ያን ያህል አያስጨንቅም።

«ዩቲዩብ ላይ እንዳየሁት ጡሩምባውን ስነፋ ይመጣል»

ያ ቪዲዮ ሴፕቴምበር ነው። ወንዱ ሴት ፍለጋ የሚጮኸው ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ነው፣ ድምፁ ፉጨትና ጩኸት የተቀላቀለ፣ ሰው ያስደነግጣል። እኛ የምንሄደው ኦክቶበር መጨረሻ ነው፣ ያኔ ወንዱ ደክሟል፣ ከስቷል፣ ጥይት ሰምቷል፣ ዝም ብሎ ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ይደበቃል፣ ወይም ደግሞ የግል መሬት ገብቶ ከአጥር ወዲያ ያያችኋል። የመጀመሪያው ዓመት ጓደኛዬ ጡሩምባውን ሦስት ቀን ነፋ፣ የመለሰለት አንድ ሌላ አዳኝ ብቻ ነበር።

የሚሠራው ሳይነጋ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መቀመጥና በባይኖኩላር ማየት ነው፣ ሊነጋጋ ሲልና ሊመሽ ሲል ለግጦሽ ገላጣ ላይ ይወጣሉ፣ ቀን ላይ ፀሐይ የማይመታው በሰሜን በኩል ያለው ተዳፋት ጫካ ውስጥ ይተኛሉ። ከሁሉም በላይ ግን ንፋስ። ዓይኑን ልታታልሉት ትችላላችሁ፣ አፍንጫውን አትችሉም። ተራራ ላይ ሌሊትና ማለዳ አየሩ ቀዝቅዞ ወደ ታች ይወርዳል፣ ፀሐይ ስታሞቀው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲመሽ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚ ጠዋት ከላይ ሆናችሁ ወደ ታች ከተጠጋችሁ ጠረናችሁ ቀድሟችሁ ይደርሳል። እኛ ይሄን ሳናውቅ በአንድ ጠዋት ሙሉ መንጋ አባረርን፣ ያየነው ቂጣቸውን ብቻ ነው።

«ትልቅ መሳሪያ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። 270፣ 308፣ 30-06 የሚባሉት የጠመንጃ ልኮች፣ ማንኛቸውም ከበቂ በላይ ናቸው፣ ጥሩ ጥይት ይኑራቸው እንጂ። ኮሎራዶ ዝቅተኛ ብሎ ያስቀመጠው 24 ካሊበር ነው፣ የጥይቱ ውፍረት 0.24 ኢንች ማለት ነው። ትልቁን ማግነም ገዝቶ ትከሻውን ስለሚመታው ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኩስ ሰው አይቻለሁ። ከጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ተቀምጣችሁ፣ ቦርሳ ላይ ተደግፋችሁ፣ ትንፋሻችሁ ቁና ቁና እያለ 200 ሜትር ላይ ደጋግማችሁ መምታት ካልቻላችሁ 400 ሜትር ላይ አትሞክሩ፣ ቆስሎ የሚሄድ እንስሳ ከባዶ እጅ ይከፋል።

«ማንም ይግደል፣ አንድ ላይ ነን»

ፍቅር ደስ ይላል፣ ኮሎራዶ ላይ ግን ወንጀል ነው። እያንዳንዱ በራሱ ላይሰንስ ራሱ ነው የሚገድለው፣ የጓደኛህን ታግ፣ ማለት ከላይሰንሱ ጋር የሚመጣውን መለያ ወረቀት፣ አንተ ተኩሰህ መሙላት አይቻልም። ስትጥሉ ወዲያው ታጉን መፈረም፣ ቀን መጻፍ፣ ከዛ ከስጋው ጋር ማሰር። የጾታው ማስረጃም ከስጋው ጋር እንደተያያዘ መቆየት አለበት፣ ይሄን ስነግራቸው ጋሼ «ብልቱ ከብልቱ ሳይለይ ማለት ነው» ብለው እስከ ካንሳስ ሳቁ። የዱር እንስሳት ፖሊሱ መንገድ ላይ አስቁሞ ኩለር ያስከፍታል፣ እኛን አስከፍቶናል፣ ወረቀታችን ሙሉ ስለነበረ መንገዱ ላይ በረዶ እንዳለ ነግሮን ሸኘን። አንድ ስቴት ላይ ፈቃድ የተነጠቀ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ሌላ ስቴት ላይም አያድንም፣ በስምምነት የተሳሰሩ ናቸው።

«በሬ ስንቴ ጥለን ገፈናል፣ እሱ ያቅተናል?»

እዚህ ጋ ቁጭ በሉ። ሰው ስለ ግድያው ነው የሚያቅደው፣ ጉዞው ግን የሚጀምረው ከሞተ በኋላ ነው።

ቅርጫ ላይ በሬ ሲታረድ ስድስት ሰው አለ፣ ሜዳ ነው፣ ቅጠል ተጎዝጉዟል፣ ውሃ ቅርብ ነው፣ አንዱ እግር ይይዛል፣ አንዱ ቢላ ይስላል፣ አንዱ ሥራ የለውም ያወራል። ጓደኛዬ ኤልኩን የጣለው ሊመሽ ሲል ነው፣ ቁልቁል ላይ፣ ወድቆ ተንሸራቶ ግንድ ስር ገባ፣ ከመኪናው 3 ማይል እንርቃለን፣ ደርሰን ስናየው መገልበጥ አቃተን። ጋሼ ካምፕ ነበሩ፣ ሁለት ሰውና ሁለት የግንባር መብራት ነው ያለው። እዛ ሆድ ሳይከፈት ነው የሚሠራው፣ ቆዳውን ከጀርባ ጀምሮ በአንድ ጎን ገፎ ወርቹን፣ ታፋውን፣ ሽንጡን፣ የአንገቱን ስጋ አውጥቶ፣ ከዛ ገልብጦ ሌላኛውን ጎን። ብልት ማውጣት የምናውቅ መሆናችን እውነት ለመናገር ጠቅሞናል፣ መጋጠሚያው የት እንዳለ እጃችን ያውቀዋል። ግን አራት ሰዓት ፈጀብን።

ለምን ተቸኮለ ካላችሁ፣ ብርድ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ቆዳው እንደ ብርድ ልብስ ነው፣ ውስጡ ያለው ሙቀት አይወጣም፣ ታፋው አጥንቱ ጋ ከውስጥ ይበላሻል። ቆዳው ቶሎ ይውጣ፣ ስጋው አየር በሚያስገባ የስጋ ከረጢት ይግባ፣ ጥላ ስር ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀል። ላስቲክ ውስጥ አትክተቱ።

አሁን ያችን ክብደት አምጧት። ትልቅ ወንድ ከአጥንቱ ሲለይ 200 ፓውንድ ስጋ ይወጣዋል፣ በ50 ፓውንድ ብትሸከሙት አራት ሸክም። ብቻውን የሆነ ሰው 3 ማይል ላይ አራቴ ሊወጣ ሦስቴ ሊመለስ ነው፣ 21 ማይል በእግር፣ 12ቱን ተሸክሞ። የመጀመሪያውን ሸክም ይዘን መኪናው ጋ ስንደርስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። በማግስቱ ለቀረው ሁለት ሸክም ጋሼም መጡ፣ አንድ ወርች ብቻ ነው የወሰዱት፣ ስለሷ ግን እስከ ዛሬ ያወራሉ። ከዛ በኋላ አንድ ደንብ አወጣን፣ ለመሸከም ከማንችልበት ቦታ አንተኩስም። ለመብል የሚሆን ስጋ ጥሎ መምጣት ደግሞ በሕግም ያስጠይቃል።

«ስጋ በነጻ ነው፣ የቀረውን ቅርጫ አድርገን ወጪያችንን እናወጣለን»

ሁለቱም ስህተት። ከስቴት ውጪ ለሚመጣ ሰው የኤልክ ላይሰንስ ከ700 ዶላር በላይ ነው፣ ከቨርጂኒያ ደርሶ መልስ 3,800 ማይል ቤንዚን፣ ምግብ፣ በረዶ፣ የሥራ ፈቃድ የወሰዳችሁበት አሥር ቀን። አውትፊተር፣ ማለት አስከፍሎ ይዞ የሚያሳድን ድርጅት፣ ቢሆን አምስት ሺህ ዶላርና ከዛ በላይ ስለሚጠይቅ ከሱ ይሻላል፣ ከበሬ ስጋ ግን አይረክስም። የሚገድለው ሰው ደግሞ ከአምስት አንዱ ቢሆን ነው፣ ስቴቱ የየዩኒቱን ቁጥር በየዓመቱ ያወጣዋል፣ እዩት። ያደነ ሰው ስጋውን መሸጥ ክልክል ነው፣ ለሬስቶራንትም ለጎረቤትም፣ «የሷን ድርሻ በዜል ላኪልኝ» ማለት መሸጥ ነው። መስጠት ይቻላል፣ የሰጪው ስምና የላይሰንስ ቁጥር ያለበት ወረቀት አብራችሁ አድርጉበት። እኛ ለሰፈሩ ሁሉ አከፋፍለን ለራሳችን የቀረው ትንሽ ነው፣ ያም ሆኖ «ለኔ ሳይደርሰኝ» ያለች አለች።

«የዱር ነው፣ ንጹህ ነው፣ ቁርጥ ይሁን»

ይሄን ስሰማ ነው የምደነግጠው። የዱር ስጋ ሐኪም አላየውም፣ ጥገኛ ተሕዋስም ባክቴሪያም ሊኖረው ይችላል፣ ፍሪዘር ሁሉንም አይገድልም። የተፈጨ ከሆነ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይብሰል። ክትፎ ካላችሁ ሙሉ ለሙሉ የበሰለ፣ ለብለብ እንኳን አይሆንም።

ሌላ ደግሞ ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባል የዋላ ዘር በሽታ አለ፣ መጀመሪያ የታየው 1967 እዛው ኮሎራዶ ፎርት ኮሊንስ ነው፣ አእምሮና ነርቭ ይጎዳል፣ ማብሰል አያጠፋውም። እስካሁን ሰው ላይ ታይቶ አይታወቅም፣ የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ ግን የተገኘበትን እንስሳ አትብሉ ይላል። ጭንቅላቱን ለምርመራ ሰጥታችሁ ውጤቱን በኦንላይን ታያላችሁ፣ እስኪመጣ ስጋው ላይ ጽፋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። በዚሁ በሽታ ምክንያት ብዙ ስቴት ጭንቅላትና አከርካሪ አያስገባም፣ ከአጥንት የተለየ ስጋና አእምሮው የጸዳ የራስ ቅል ከነቀንዱ ግን ይገባል፣ የምትኖሩበትንም የምታልፉበትንም ስቴት ደንብ እዩ። ያ ፎቶ ላይ ያያችሁት ቀንድ ካምፕ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ የተፋቀ ነው።

ይበላል ወይ ለምትሉ፣ ያመሰኳል፣ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ዘዳግም 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ተጽፈዋል። በጥይት የተገደለውን ነገር ግን ጋሼ የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው ነው የበሉት፣ እናንተም የራሳችሁን ጠይቁ። ደግሞ ኖቬምበር መጨረሻ የነቢያት ጾም ይገባል፣ ስጋው ቤት ሲደርስ ለመብላት የቀራችሁ ሦስት ሳምንት ነው፣ እኛ አብዛኛውን ቋንጣ አደረግነው፣ በርበሬና ጨው፣ ስብ ስለሌለው ከበሬ ቶሎ ደረቀ፣ ለገና ቋንጣ ፍርፍር ሆነ። ጥብስ የምታደርጉት ከሆነ ግን ቅቤውን ከለመዳችሁት ጨመር አድርጉበት፣ ካልሆነ እንደ ጫማ ሶል ነው የሚሆነው።